የደጋን ሰርግ

ሳል ይሉኛል፣ አልስልም። እምቢ ብዬ አይደለም፤ ሳሉ ከሆዴ ተነሥቶ የተሰፋው ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ደጅ ላይ ውሻ እንዳየ እንግዳ ዞር ብሎ ይመለሳል። እዚህ አገር ነርሶችን እኅት ብለው ነው የሚጠሯቸው፤ የእኔዋ እኅት ሐነሎሬ ግን አንድ ጆንያ ጥጥ በአንድ እጇ የምታነሣ የምትመስል ሴት ናት። ትራስ ታስታቅፈኛለች፣ መዳፏን ጀርባዬ ላይ ታደርጋለች፣ «ከሆድ፣ ሄር ጀማል፣ ከሆድ» ትላለች፣ ሄር አቶ ማለታቸው ነው፣ እኔም መስጊድ ውስጥ እንዳለ ሰው ጉሮሮዬን ጠረግ አደርጋለሁ። ከጎኔ የወጣው የጎማ ቱቦ ወርዶ አልጋው ሥር ያለ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፤ ጠርሙሱ እስከ ግማሹ ውሃ ነው፤ በትክክል ከሳልኩ ደረቴ ውስጥ የታሰረው አየር በውሃው ውስጥ እየተንቦጨቦጨ ይወጣል ተብሏል። ጎንበስ ብላ ታያለች። አንዲት አረፋ ትወጣለች፣ እሷም ያለ ፍላጎቷ። ሐነሎሬ ቀና ብላ የምታየኝ አስተያየት አዲስ አይደለም፣ ደሴ ፊዚክስ ሳስተምር ከመጨረሻው ወንበር መልስ ስጠብቅ እኔ ፊት ላይ የነበረው ነው።

አሁን የቀትር ዕረፍት ነው። በዚህ ሆስፒታል በሽተኛ ምሳውን ከበላ በኋላ እንዲተኛ ይታዘዛል፤ መጋረጃው ይዘጋል፣ ሬዲዮኑ ይጠፋል፣ አብረውኝ የተኙት ሁለት ሽማግሌዎች እንደ ታዘዙት ያንኮራፋሉ። እኔ ብቻ ነቅቻለሁ። እንቅልፍ ከተለየኝ ሰነበተ፣ በቀኝ እንዳልተኛ ቁስሉ፣ በግራ እንዳልተኛ ቱቦው፣ በጀርባዬ እንዳልተኛ ሐሳቡ። ከበሩ ማዶ ኮሪደሩ ላይ የሥራ ባልደረባዬ የደምመላሽ ጫማ ይሰማኛል፤ ይነሣል፣ ይራመዳል፣ ይቀመጣል። አብሮት የመጣው ሰይድ ድምፅ የለውም። ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ተቀምጠዋል፣ የሚነግሩኝ ነገር አላቸው፣ ሊነግሩኝ አይችሉም፤ ነገሩን እኔ አውቄዋለሁ፣ ማወቄን እነሱ አያውቁም። ደረቴን የቀደደው ፕሮፌሰር ደግሞ ጠዋት የደረቴን ፎቶ መብራት ላይ ሰቅሎ፣ ከሳንባህ የቀረው አልተነፋም፣ እስከ ነገ ካልተነፋ ተመልሰን እንገባለን ብሎኛል። እንገባለን ነው ያለው፣ ቁልፉ በኪሱ እንዳለ ሰው።

ማንንም አልወቅስም፣ የመጣሁት በእግሬ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካው ሲከፈት ስለ ክር መፍተያ ማሽን ተምሮ የሚያስተምር ሰው ተፈለገ፣ እኔም ጠመኔ ሰልችቶኝ ነበርና ጠዋት ጠዋት በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት መውረድ፣ ማታ ማታ ወደ ደሴ ጉም መውጣት ጀመርኩ። በየመታጠፊያው አንዳንድ ሲጋራ አጨሳለሁ፣ ቤት ልደርስ ስል ክርንፉድ አኝካለሁ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፣ አራዳ፣ ከጋሽ ወርቅአፈራሁ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ፤ አልፌው ስገባ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል፣ ያ ጥርስህ ዛሬም ያምሃል፣ ይለኛል። ዛሬም ያመኛል፣ እላለሁ። ሁለታችንም ጥርሴ ደህና መሆኑን እናውቃለን። ለዓመታት እንዲህ ኖርን፤ እሱ ማወቁን አላሳየኝም፣ እኔ በፊቱ አላጨስኩም፣ ይሄ እኛ ቤት መከባበር ነው። ከዚያ ለሥልጠና ወደ ጀርመን ተላክሁ፤ እዚህ የመጣ ሰው ሁሉ ደረቱን ፎቶ ይነሣል፣ የሚፈልጉት ቲቢ ነው፣ እኔ ዘንድ ያገኙት ሌላ ሆነ። በቀኝ ሳንባዬ አናት ላይ የአደንጓሬ ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር። ካንሰር ናት አሉ፤ ገና ልጅ ናት አሉ።

ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ የተሰራጨች መሆን አለመሆኗን ማወቅ ፈለገ። ከብብቴ በታች፣ በሁለት ጎድን መካከል፣ በመርፌ አደንዝዞ አንዲት ቀዳዳ ከፈተና በጫፏ መብራት ያላት ቀጭን ቱቦ አስገባ፤ እኔ ነቅቼ ጣራ እያየሁ እሱ ዓይኑን አስጠግቶ ደረቴን ከውስጥ ያያል። ሰው እንዲህ ሲያይህ ይቅርታ ልትጠይቀው ያምርሃል፣ ቤቱን ሳትጠርግ እንግዳ እንደ መጣብህ። ንጹሕ ነው አለኝ፣ ስለዚህ የላይኛውን ክፍል ቆርጬ አወጣለሁ፣ የቀሩት ሁለቱ ተነፍተው ቦታውን ይሞላሉ። በዚችው ቀዳዳ አይወጣም ወይ አልኩት፤ ሳቀ። አንድ ቀን መቀሱም መርፌውም በእንዲህ ያለች ቀዳዳ ይገባል፣ ሰውየው በሳምንቱ ቤቱ ነው፣ አንተ ትንሽ ቸኮልክ አለኝ። ለጊዜው ግን ከጡቴ ሥር እስከ ጀርባዬ ድረስ ይተረተራል፣ ጎድኖቼም በብረት ተወጥረው ይከፈታሉ። አባቴ ቢሰማ፣ ከኪስ አንዲት የአደንጓሬ ፍሬ ለማውጣት ኮቱን ሙሉ የሚተረትር ምን ዓይነት ሰፊ ነው ይል ነበር። ከዚያ ደግሞ ስፌቱን አሳየኝ ይል ነበር።

ለማንም አልነገርኩም። የሠልጣኞች ሁሉ ፓስፖርት የሚቀመጠው የቡድን መሪያችን ዘንድ ነው፤ እሱ ከሰማ ኤምባሲው ይሰማል፣ ኤምባሲው ከሰማ፣ የታመመ ሠልጣኝ ለአብዮቱ አይጠቅምምና በሚቀጥለው አውሮፕላን አሳፍረው ይልኩኛል፣ ደሴ ስደርስ ይቺን አደንጓሬ የሚያወጣልኝ የለም። ፕሮፌሰሩን ለመንኩት፣ የበሽተኛ ምስጢር ነው ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ለጌታ ለአለቃ ሲባል የማይወጣ ምስጢር በዓለም ላይ እንዳለ ያን ቀን ነው ያየሁት። ከቤተሰብ ለመደበቅ ግን የማንም ፈቃድ አያስፈልገኝም፣ ከልጅነቴ የለመድኩት ነው። ያስቸገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። እኛ ቤት ሰው ያለ ምርቃት ሐረጎን እንኳ አይወርድም። አባቴ ሱሪ የሚያሳጥርለትን ደንበኛ ሳይቀር አቁሞ ይመርቃል፣ እጁን ዘርግቶ፣ መርፌው ከንፈሩ ላይ እንዳለ፤ ገብተህ የምትወጣ ያርግህ፣ አሚን በል፣ የሰው ፊት አያሳይህ፣ አሚን በል። ስልክ ላይም እንዲሁ ነው፣ ደቂቃው እየበረረ አንዲት ቃል አያሳጥርም። ደረቴን ለቢላዋ ከመስጠቴ በፊት ያንን ፈለግሁ። ፈተና አለብኝ እለዋለሁ አልኩ። መርቀኝ እለዋለሁ። ፈተና ማለት ደግሞ ውሸት አይደለም።

ፖስታ ቤት ሄድኩ፣ ቁጥሩን ሰጠሁ፣ ተቀመጥኩ። በርሊን አዲስ አበባን ትጠራለች፣ አዲስ አበባ ደሴን ትጠራለች፣ ደሴ ጋሽ ወርቅአፈራሁን። ሱቁ ውስጥ ያለው ስልክ በደጉ ጊዜ የገባ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው በዚያ ነው፤ ስደውል ሁልጊዜ ከጀርባው የአባቴ የስፌት መኪና ይሰማኛል፣ ጠጠጠጠ ይልና ይቆማል፣ ቆይ ይቺን እጅጌ ልጨርስ ይላል አባቴ፣ እኔ በጀርመን ገንዘብ እጅጌው እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። ያን ቀን የመኪናው ድምፅ የለም። ዝም ያለ ስልክ ነው፣ ጋሽ ወርቅአፈራሁ ብቻ፣ ሦስት ክፍል እንደሚያስተምር ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እንዴት ነህ ጀማልዬ፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ አባትህ የሉም። የት ሄዱ? ደጋን ወርደዋል። ደጋን ምን? ሰርግ። ሰርግ ሄደው ነው፣ የማን እንደሆነ ... የዘመድ ነው። እኅቴ ረሂማ ስልኩን ተቀበለችው። ድምፅዋ ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ የታጠበ ሰው ድምፅ ነው። ጉንፋን ነው ጋሼ አለችኝ። ትበላለህ ወይ አለችኝ። እኔም ፈተና አለብኝ አልኳት፣ ከባድ ነው፣ አባባ ሲመጣ ይመርቀኝ በዪው። እሺ አለች። ቆይታ፣ እኔ ልመርቅህ አለች፤ ጀመረችው፣ ገብተህ የምትወጣ አለችና መስመሩ ተቆረጠ። መስመሩ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሁለት ውሸታሞች አንድ ሽቦ ላይ፣ አንዱ ደረቱን ይዞ፣ አንዷ አፏን ይዛ። ወጥቼ ሲጋራ ፈለግሁ፣ ከዚያ ለምን እዚያ እንደቆምኩ ትዝ አለኝ።

አሁን እንደማስበው፣ ያኔም ማወቅ እችል ነበር። አላወቅሁም እንዲባልልኝ ነው የምፈልገው። ሰርግ አለ፣ አባቴ ደጋን ነው፣ ጥሬ ሥጋ የማይወድ ሰው ስለሆነ ወጡን እየመረጠ ይበላል፣ ያገኛትን ሙሽራ ቀሚስሽ ወገቡ ላይ ሰፍቷል ይላል፤ ይሄን ይዤ ነው ማደንዘዣውን የተነፈስኩት፣ ይዤውም ነው የነቃሁት።

ዛሬ ጠዋት፣ ሐነሎሬ አልጋዬን ከፍ አድርጋ ከጀርባዬ ጋር ስትታገል፣ በሩ ተከፈተ። ደምመላሽ ነው፣ ኮምቦልቻ አብረን የምንሠራ፣ አሁን በሌላ ከተማ በባቡር ሁለት ሰዓት ርቆ የሚሠለጥን። ከኋላው ሰይድ፣ የገራዶ ልጅ፣ የከብት ሕክምና ተማሪ። የጥየቃ ሰዓት ገና ነው፤ ሐነሎሬ ልታስወጣቸው ዞረች፣ ፊታቸውን አየችና ተወቻቸው። እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ኤምባሲውን ነው፤ ደረሱብኝ፣ ፓስፖርቴን ይዘው መጡ አልኩ። እነሱ ደግሞ ቱቦውን ያያሉ። ደምመላሽ ከቱቦው ወደ ጠርሙሱ፣ ከጠርሙሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ሰይድ። ለካስ ሲነጋጋ ማደሪያዬ ሄደዋል፣ በር ጠባቂዋ ሆስፒታል ነው ብላቸዋለች፣ ጉንፋን መስሏቸዋል። ምን ሆነህ ነው ጋሽ ጀማል፣ አለኝ ደምመላሽ። ትንሽ ነገር አወጡልኝ አልኩት። ደህና ነገር ነው? ደህና ነው። ተቀመጡ። ስለ ባቡሩ አወሩልኝ፣ ስለ ባቡሩ ወንበር አወሩልኝ፣ ጀርመን ስለ ዘራው ስንዴ አወሩልኝ። ደምመላሽ ከረባት አስሯል። ደምመላሽ የተዳረ ጊዜ እንኳ ከረባት አላሰረም፤ ሚስቱ ፀሐይነሽ ነች ይሄን ያወራችው፣ ፋብሪካው ውስጥ ከረሂማ ጋር ቡና የምትጠጣው ፀሐይነሽ። ማልደው የመጡ፣ አንድ ላይ የመጡ፣ አንደኛው እንደ ሽማግሌ የለበሰ። ሽማግሌ የተባለው ደግሞ ከእኔ ያንሳል፣ አገሩ ላይ ትልቅ ሰው አጥተው ከረባት ያለውን መረጡ።

ያንንም ላልፈው ሞክሬ ነበር። ሐነሎሬ ሻይ አመጣችላቸው፣ ደምመላሽ ተቀበለ፣ ሰይድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገናትና መለሰው። ጠጣ እንጂ አልኩት። ጾመኛ ነኝ አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳላፍር። አንተ በሽተኛ ነህ፣ አንተ ላይ የለም አለኝ። ረመዳን ነው። ጨረቃ የሌለበት አገር ኖሬ፣ የማሽን ትምህርት በሳምንት በሳምንት ቆጥሬ፣ ረመዳን መግባቱን አላወቅሁም። በስልክ ባወራሁ ሰሞን ደሴ ጾሙ ገብቷል። ደጋንም ገብቷል። በረመዳን ደግሞ ደጋን ውስጥም ሆነ ከዚያ እስከ ቦሩ ሜዳ ድረስ ባለው አገር ልጁን የሚድር እስላም የለም። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ክርስቲያን ይሁን እንጂ በዚያ በረንዳ ከአባቴ ጋር ስንት ረመዳን አስፈጥሯል፣ ቀን ከሱቁ ጓዳ ገብቶ ተደብቆ የሚበላ ሰው ነው፤ ይሄ አይጠፋውም። አንድ ሰው የሚያውቀውን እንዲህ አድርጎ የሚስተው አጠገቡ ያለ የስፌት መኪና ሲቆም ነው። ሻይዋ ደምመላሽ እጅ ላይ ቀዘቀዘች። እኔም፣ የቤታችን ልጅ ነኝና፣ ባቡሩ በሰዓቱ ደረሰ ወይ አልኳቸው።

ሐነሎሬ አስወጣቻቸው። ከሰዓት በኋላ ተመለሱ አለቻቸው፤ አልሄዱም፣ ኮሪደር ላይ ተቀመጡ። ይገባኛል። መርዶ ለታመመ ሰው አይነገርም፤ ይዘው የመጡትንም ሳይነግሩ ይዘው አይመለሱም፤ እነሱም እዚያ ተያዙ፣ እኔም እዚህ። ደህና እስክሆን ይጠብቃሉ። ደህና የምሆነው ስስል ነው። እኔ ደግሞ ድምፅ ማውጣት አልችልም። ይሄን ለሐነሎሬ በምን ቋንቋ እነግራታለሁ? ታናሽ ወንድሜ በሺር የተገደለ ጊዜ፣ ሬሳው ከመንገድ ዳር የተገኘ ጊዜ፣ ከቀበሌ መጥተው አልቅሳችሁ ድምፃችሁ እንዳይሰማ አሉን፤ ለጸረ አብዮት አይለቀስም። አባቴ በሩን ዘጋ። ለእናቴ ያልተሰፋ አቡጀዲ ቀዶ ሰጣት፣ ለረሂማ ቀደደ፣ ለእኔ ቀደደ፣ በአፋችን ያዝነው። እሱ መኪናው ላይ ተቀመጠና ክር በሌለው መርፌ ጨርቅ መስፋት ጀመረ፣ ጠጠጠጠ፣ የእኛ ትንፋሽ ውጭ እንዳይሰማ። እናቴ ዓመት ሳትሞላ ሄደች። ሐኪም ልብ ነው አለ። እኔ ከዚያ ወዲህ ከደረቴ በታች አልተነፈስኩም፤ ፎቶው ላይ ይሄ አይታይም።

መጋረጃው ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ እንደ ታዘዙት ነቁ። ሐነሎሬ ትራሱን ይዛ መጣች፣ ሳልን፣ አንዲት አረፋ፣ ጠርሙሱን አየች፣ ነገ ጠዋት ፕሮፌሰሩ ተመልሶ ይገባል ብላ ወጣች፣ በሩንም ለእነሱ ከፈተችላቸው። ገቡ። ደምመላሽ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ከረባቱን አጥብቆታል። ስለ ባቡሩ ሊጀምር አፉን ከፈተ። ይሄ ሰው ነገም ይመጣል፣ ከነገ ወዲያም ይመጣል፣ የባቡር ወንበር ጸጋ እያወራልኝ ሥልጠናውን ይጨርሳል። አባቴ ደግሞ ደጋን ላይ ይቆማል፣ ሰርግ ያልኖረበት ሰርግ ቤት፣ ወጡን እየመረጠ። ደግ አይደለም። እኔ ለእሱ ዓመታት ሙሉ ጥርሴን አሞኛል ብያለሁ፣ እሱም ተቀብሎኛል፤ ይሄን አንዱን ውሸት ግን መግለጥ የኔ ድርሻ ነው።

«ሰይድ» አልኩ። «ማን አጠበው?»

ደምመላሽ ባርኔጣውን ከጉልበቱ ላይ አነሣውና መልሶ አስቀመጠው። ሰይድ አላየውም። የእንስሳት ሐኪም የሚሆን ልጅ ነው፣ ቀስ ብሎ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ቱቦውን እንዳይነካ ተጠንቅቆ፣ ተቀመጠ።

«የመስጊዱ ሰዎች አጠቡት» አለኝ። «ልጅ በሌለበት ብለው። ውሃውን ጋሽ ወርቅአፈራሁ ነው የቀዳው፣ ከመጋረጃው ውጭ ቆሞ እያቀበለ። እስከ መጨረሻው ባልዲ።»

«ታመመ?»

«አልታመመም። በረንዳው ላይ፣ መኪናው ላይ። ጾሙ ሊገባ ሲል። ለዒድ የሚሰፋ የልጅ ልብስ ይዞ ነበር አሉ።»

«ከፈኑስ?»

«ከጋሽ ወርቅአፈራሁ ሱቅ ነው። ቆርጦ የሰጠው እሱ ነው። ዋጋ የለውም አለ አሉ።»

ከፈን አይሰፋም። ይሄን ማንም እስላም ያውቃል፣ እኔም ሁልጊዜ አውቀዋለሁ፣ ግን ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ሕይወቱን ሙሉ የደሴን ሰው ሁሉ ሲሰፋ የኖረ ሰው፣ አንድ ስፌት በሌለው ጨርቅ ሄደ። እኔ ከጡቴ ሥር እስከ ጀርባዬ ተሰፍቼ እዚህ ተኝቻለሁ፤ ስፌቱን አሳየኝ የሚለኝ የለም። ከሆዴ የሆነ ነገር ተነሣ። የለመድኩት ሳል መስሎኝ ነበር። የተሰፋው ቦታ ላይ ደረሰ፣ እንደ ልማዱ ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁት፣ አልተመለሰም፣ አለፈው። ድምፁን አላወቅሁትም። የማን እንደሆነ ለማየት አንደኛው ሽማግሌ ከአልጋው ቀና ሲል አየሁ፤ የእኔ ነበር። አባባ አልኩ፣ በሺርም አልኩ፣ እናቴንም ጠራሁ፣ ያኔ በአቡጀዲው ውስጥ የቀረው ሁሉ ወጣ፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ግቢው ውስጥ የሚያልፉ ሁሉ ይሰሙኛል፣ ማንም ዝም በል አላለኝም። ቁስሉ ያመኛል፣ ሕመሙ ግን ከሩቅ ነው፣ የሌላ ሰው ቁስል ይመስላል። ሰይድ ትከሻዬን ይዞ ያለቅሳል። ደምመላሽ ከረባቱን ፈትቶ ፊቱን ይጠርግበታል።

ሐነሎሬ እየሮጠች ገባች። የሞተው ማን እንደሆነ አታውቅም፣ የሞተ መኖሩንም አታውቅም፣ ስፌቱ የተፈታ መስሏት ነው የመጣችው። ወደ እኔ ጎንበስ አለች፣ ከዚያ የሆነ ነገር ሰማች መሰለኝ አልጋው ሥር ተመለከተች፤ ጠርሙሱ ጀበና ሊገነፍል ሲል እንደሚያደርገው ይንተከተካል። በጉልበቷ ወረደች። መሬቱ ላይ ተንበርክካ፣ ያ ግዙፍ ጀርባዋ ወደ እኔ ሆኖ፣ አረፋውን ታያለች፤ ባለቀስኩ ቁጥር ይወጣል፣ ትንፋሽ በሳብኩ ቁጥር ውሃው ቱቦው ውስጥ ከፍ ይላል፣ ደረቴ ውስጥ አንድ የተጣበቀ ነገር ሲላቀቅ፣ የተጣጠፈ ጨርቅ ሲዘረጋ ተሰማኝ።

«በቃ ጋሽ ጀማል» ይለኛል ሰይድ፣ እንደ ወጉ፣ እንደሚባለው። «አብሽር። በቃህ። ቁስልህን ትጎዳለህ።»

«ገና!» ትላለች ሐነሎሬ ከመሬት፣ ዓይኗን ከጠርሙሱ ሳትነቅል። «እንደዚያ! ገና ነው፣ ሄር ጀማል፣ ገና ነው!»

ሰይድን አልሰማሁትም።